መመለሻ ያልተበጀለት ተማሪ



የመጽሔቱ አዘጋጆች የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፊልን ሲሉኝ፣ ብዙዎቻችሁ ከቀደምት ሐኪሞቻችን አንዱን እመርጣለሁ ብላችሁ ሳትጠብቁ አትቀሩም። እኔ የመረጥኩት ግን ትምህርቱን ሳይጨርስ በ18 ዓመቱ የሞተ ልጅ ነው፤ የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁን። ሐኪሙም ወደ መጨረሻው ገደማ ይመጣል፣ ታገሡኝ።

ዓለማየሁ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን የመቅደላ ዘረፋና አፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ነው። ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ልዑልነቱን ትንሽ ወደ ጎን አድርገን እንደ ተማሪ እንየው፤ በልጅነቱ ከሀገሩ ወጥቶ፣ አሥራ አንድ ዓመት በሰው እጅ ኖሮ፣ በመጨረሻ የሚቀርብለትን ምግብ እስከ መጠራጠር ደርሶ እንደሞተ ተማሪ። ምክንያቴን አልደብቃችሁም። ከባቻችን ብዙው ሰው ዛሬ ውጭ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ የቀረነውም ልጅ የላክን ወይም ለመላክ ፎርም የምንሞላ ነን። ስንገናኝ የምናወራው ስለ ስኮላርሺፕ፣ ስለ ቪዛና ስለ ክፍያ ነው። ልጁ እዚያ ከደረሰ በኋላ ውስጡ ምን እንደሚሆን ግን እምብዛም አናወራም።

ዓለማየሁ የተወለደው በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ውቤን ያሸነፏቸውና ያሰሯቸው ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ጋብቻው ከመነሻው ቁስል ነበረበት። ዘመኑም የሰላም አልነበረም። ከአባይ ወዲህ፣ በእኛ በጎጃም፣ ተድላ ጓሉ ለንጉሠ ነገሥቱ አልገዛም ብለው ሸፍተው ነበር። የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ያኔ መንቆረር ትባል ነበር፤ የቆረቆሯትም እኚሁ ተድላ ጓሉ ናቸው። ሕፃኑ እንግዲህ ያደገው ዘመቻ በማይለየው የጦር ሰፈርና በመቅደላ አምባ ላይ ነው። ይህን የማነሣው ለአንድ ነገር ነው። ከሀገር የሚወጣ ልጅ ሁሉ ከሻንጣው ሌላ ከቤቱ ተሸክሞት የሚሄደው ነገር አለ። እኛ ሐኪሞች ታሪክ ስንወስድ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይሆን ከዚያ በፊት መጀመር አለብን።

እንግሊዞች የታሰሩባቸውን ሰዎች ለማስለቀቅ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ላኩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን አጠፉ። ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። እናቱ ልጃቸውን ይዘው ከጦሩ ጋር ተነሡ፤ ሐሳባቸው ወደ ወገኖቻቸው ወደ ስሜን መግባት ነበር። ግን ቀድሞም ደረታቸውን ያማቸው ነበርና መንገዱን አልቻሉትም። በግንቦት ወር ሞቱ፤ ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ተቀበሩ።

ነገሩን ቆጠር አድርጋችሁ ተመልከቱት። አምስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አባት ሞተ፣ ያደገበት አምባ ተቃጠለ፣ እናት ሞተች። ከዚያ ባሕር አይቶ የማያውቀው ልጅ ዙላ ላይ መርከብ ተሳፈረ። የአባቱ ኑዛዜ ነው፣ ለልጁም የሚበጀው ይኸው ነው ተባለ። እሱን የጠየቀው አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው አገኘ። ካፒቴን ስፒዲ ይባላል። እጅግ ረጅም፣ ጺማም፣ ቀድሞ አፄ ቴዎድሮስን ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገር፣ የሀገሬው ሰውም ባሻ ፈለቀ ብሎ የሰየመው መኮንን ነው። ዓለማየሁ ተጣበቀበት። ሌሊት እየባነነ ይነሣ ስለነበር ከስፒዲ ጎን ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ሕፃናት ክፍል የሠራችሁ ይህን ልጅ ታውቁታላችሁ። ዓለም ሁሉ ተገልብጦ አንድ የሚያውቁት ድምፅ ሲቀር፣ ልጅ ያችን ድምፅ ይዞ ይተኛል።

እንግሊዝ ሲደርሱ ክረምቱ ነበር፣ ሐምሌ። ስፒዲ ዋይት ወደምትባለው ደሴት ወሰደው። ንግሥት ቪክቶሪያም በዚያችው ደሴት ባለው ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት፤ ወደዱት፤ እስኪሞት ድረስም ስለ እሱ መጠየቅ አልተውም። በዚያን ጊዜ የተነሡ ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ። ፊቱ ላይ ኀዘን አይቶ ብዙ ሰው ይነካል። እኔ እንኳን ከፎቶ ምርመራ አልሰጥም፤ በዚያ ዘመን ፎቶ ለመነሣት ለብዙ ሰከንድ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ግድ ነበርና ማንም ሰው አይስቅም። የልጁን ኀዘን የሚነግረን ፎቶው ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ስፒዲ አገባ፤ በሥራም ወደ ህንድ ሲሄድ ዓለማየሁን ይዞት ሄደ። ከህንድ ደግሞ ዛሬ በማሌዢያ ውስጥ ወዳለችው ፔናንግ። ልጁ ከዚህ ባልና ሚስት ጋር ሦስት ዓመት ገደማ ቤተሰብ የሚመስል ነገር ነበረው። ከዚያ የለንደን መንግሥት የንጉሥ ልጅ በእንግሊዝ ሀገር በወጉ መማር አለበት ብሎ ወሰነ። ንግሥቲቱ ከስፒዲ ባይለይ ይወዱ ነበር፤ ልጁም አልለይም ብሎ ነበር። ግን ወጪውን የሚሸፍነው መንግሥት ነውና የመንግሥት ቃል ጸና። በአሥር ዓመቱ ገደማ ብቻውን ተመለሰ።

ቀጥሎ ያለው የትምህርት ቤቶች ዝርዝር ነው፤ ማንም ወላጅ ቢሰማው የሚኮራበት ዝርዝር። መጀመሪያ ቸልተንሃም፣ በኮሌጁ ርእሰ መምህር በጄክስ ብሌክ ቤት። እዚህ ላይ ለሴት ሐኪሞቻችን አንዲት ነገር ልጨምር። የእኚህ መምህር እህት ሶፊያ ጄክስ ብሌክ ናት፤ በዚያው ሰሞን በኤድንብራ ሴቶች ሕክምና እንዲማሩ በሩን ስታንኳኳ የነበረችው። ሰውየው በ1874 እ.ኤ.አ. የራግቢ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሲሆኑ ዓለማየሁም ተከትሎ ራግቢ ገባ። በስፖርት ደህና ነበር፤ ሰዎችም ይወዱት ነበር። በትምህርቱ ግን እንደሚፈለገው አልሄደም። ከዚያ የጦር መኮንን ይሁን ተብሎ በ1878 እ.ኤ.አ. ሳንድኸርስት። እዚያም አልሆነለትም፤ ብዙ ሳይቆይ ለቆ ወጣ። በመጨረሻ በራግቢ ያስተማሩት ሲሪል ራንሰም ወደሚኖሩበት ወደ ሊድስ ሄደ፤ በግል እንዲያስጠኑት።

ሰነፍ ነበር እንዴ? በዘመኑ እንደዚያ ያሰቡ ነበሩ። ግን እስቲ በተማሪ ዓይን እንየው። በመጀመሪያ አማርኛ ነበረው። ከስፒዲ ሲለይ አማርኛ የሚያናግረው ሰው አጣ፤ ቀስ በቀስም ቋንቋው ጠፋበት። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከሀገር ቤት ደብዳቤ ይልኩለት ነበር። የሴት ልጃቸውን ልጅ የሚናፍቁ አሮጊት የጻፉትን፣ ልጁ በገዛ ዓይኑ ማንበብ የማይችልበት ጊዜ መጣ። ቋንቋ ሲጠፋ ቃላት ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ እናቱ ያባበሉበት፣ አባቱ የተቆጡበት፣ ሲባንን ያለቀሰበት ነገር ሁሉ ነው በር የሚዘጋበት። በእንግሊዝኛ የሚተርከው ልጅነት አልነበረውም። በአማርኛ ደግሞ መተረክ አይችልም።

ቀለሙም ነበረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ከሞተ በኋላ በማስታወሻቸው ላይ፣ ልጁ ሰዎች በቆዳው ቀለም የተነሣ እንደሚያፈጡበት ይሰማው እንደነበርና ሕይወቱ የደስታ እንዳልነበር አስፍረዋል። ያፈጡበት ነበር? አዎ፣ በጋዜጣ ሥዕሉ የወጣ፣ በየሄደበት የሚታይ ልጅ ነው። ስለዚህ ይህን ስሜት ጥርጣሬ ብለን በቀላሉ አናልፈውም። ዛሬም በሰው ሀገር ያለ ተማሪ ሰው ያየኛል ሲለን፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን በእርግጥ ያዩት እንደሆነ ነው።

ይህ ሁሉ ለሕክምና እንግዳ አልነበረም። ስዊዛዊው ዮሐንስ ሆፈር ገና በ1688 እ.ኤ.አ. ከሀገራቸው የራቁ ወጣቶችን የሚያከሳ፣ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል የናፍቆት በሽታ ብሎ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፎበታል። በ1932 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኖርዌያዊው ኦዴጎር አሜሪካ ሚኒሶታ የሄዱ የሀገሩን ሰዎች አጥንቶ፣ ሀገር ቤት ከቀሩት ይልቅ በስኪዞፍሬንያ ሆስፒታል የሚገቡት እንደሚበዙ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጥናቶችም መሰደድ ራሱ ለሳይኮሲስ አጋላጭ እንደሆነ በተለያዩ ሀገሮች አግኝተዋል። ይህ ማለት የሚሄድ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አይታመምም። ግን ከናፍቆት ወዲያ የሚሄድ ነገር አለ ማለት ነው፤ እሱን ደግሞ ለይቶ ማወቅ የኛ ሥራ ነው።

ዓለማየሁ ሊድስ በደረሰ በሳምንቱ ታመመ። በብርድ ሌሊት ውጭ እንቅልፍ ወስዶት እንደነበር ይነገራል። ሳንባውን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ተቆጣ፣ ፕሉሪሲ። ስድስት ሳምንት ታመመ። አሁን ልብ በሉ፤ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ክሊፈርድ ኦልበት ነው። ስሙን ባታውቁት መሣሪያውን ታውቁታላችሁ። ከእሱ በፊት ቴርሞሜትር አንድ ጫማ የሚጠጋ ርዝመት ነበረው፤ ሙቀት ለመለካትም ሃያ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ኪስ ውስጥ የሚገባውን፣ በአምስት ደቂቃ የሚለካውን አጭር ቴርሞሜትር የሠራው ኦልበት ነው። ልጁ እንግዲህ በዘመኑ ሊገኝ ከሚችለው ሐኪም ሁሉ የተሻለውን አግኝቷል። ንግሥቲቱም በቴሌግራም እየጠየቁ ይከታተሉ ነበር። መድኃኒቱ ቢሆን፣ ገንዘቡ ቢሆን፣ በዚያ ዘመን የሚቻለው ሁሉ ተደርጎለታል።

ልጁ ግን መርዘውኛል ብሎ አሰበ። ምግብም አልቀበልም አለ።

ከ140 ዓመት በኋላ ተቀምጬ ምርመራ አልጽፍለትም። ትኩሳትና የኦክስጅን ማነስ ያመጣው ዴሊሪየም ሊሆን ይችላል፤ ራውንድ ላይ ብዙ ጊዜ አይተነዋል። ቀድሞ የጀመረ ድብርት ወይም ሳይኮሲስ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜውም ይኸው በሽታ ብቅ የሚልበት ዕድሜ ነው። ወይም ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የያዘው እጅ ሁሉ እየለቀቀው የሄደ ልጅ፣ ማንንም ላለማመን በቂ ምክንያት ነበረው ይሆናል። ሦስቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ግን አንድ ነገር አለ፣ የሀገራችን ሰው ብቻ የሚያውቀው። በእኛ ዘንድ ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። በመኳንንት ቤት ምግብ ሳይቀመስ አይቀርብም። ልጁ ይህን በሕፃንነቱ አይቶት አድጓል፤ ያስታውሰው አያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። አልጋው አጠገብ አንድ የሀገሩ ሰው ቢኖር ኖሮ ምንም ሊቅ መሆን አያስፈልገውም ነበር። ከሳህኑ ቆርሶ ፊቱ ይቀምሳል፣ ከዚያ በእጁ ያጎርሰዋል፤ በቃ። ኦልበት የሰውነቱን ሙቀት በአምስት ደቂቃ ለክቷል። ይህን ግን ማን ይንገረው?

ኅዳር 1872 ዓ.ም. ላይ፣ በነሱ አቆጣጠር ኅዳር 14 ቀን 1879፣ ዓለማየሁ ሞተ። ንግሥቲቱ ዊንዘር ከሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አጠገብ አስቀበሩት፤ በመታሰቢያው ላይም ከማቴዎስ ወንጌል እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር ቃል አስቀረጹ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1999 ዓ.ም. አፅሙ እንዲመለስ ጠይቋል። በ2015 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልስ ሰጠ። ጥቂት ወራት ቆይቶ የስፒዲ ዘሮች በቤተሰብ ሲጠብቁት የኖሩትን አንድ ዘለላ ጸጉሩን ለኢትዮጵያ አስረከቡ። ከሄደበት ተመለሰ የምንለው እስካሁን ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሐኪሙ ልምጣ። እንግሊዞች ከመቅደላ ይዘው የወጡት ዓለማየሁን ብቻ አይደለም። በዚያው ሰሞን ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ የጎንደር ልጅ፣ ከወላጆቹ የተለየ አንድ ሕፃን በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ህንድ ሄዷል። ወርቅነህ እሸቴ ነው። እሱም ቋንቋው ጠፋ። ስሙ ሳይቀር ጠፍቶ በአሳዳጊዎቹ መኮንኖች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አድጎ በ1882 እ.ኤ.አ. ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ በበርማም በሐኪምነት ሠራ። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ አያቱ በሰውነቱ ላይ ባለ ጠባሳ ለዩት። አማርኛን እንደ አዲስ ተማረ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ሐኪም ወርቅነህ፣ እሱ ነው። ጠላት ሀገራችንን ሲወር በለንደን ስለ ኢትዮጵያ የተሟገተውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በሽምግልና በሀገሩ ሞተ።

ከሁለት ሰው ተነሥቶ መደምደሚያ መስጠት እንደማይቻል የኤፒዲሞሎጂ መምህሮቻችን ነግረውናል። አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ደካማ ነበር ብሎ ማለፍም ግፍ ነው። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳይ የሚገባኝ አለ። ብርዱ፣ እንግዳው ምግብ፣ የቋንቋ መጥፋት እንኳን በሁለቱም ላይ ደርሷል። ወርቅነህ ግን እንደ እሱ ወላጅ ባጡ ልጆች መካከል አደገ፣ የሚታይ ሙያ ያዘ፣ ደመወዝ አገኘ፤ ሀገሩን ሲፈልግም ትኬቱን ቆርጦ መምጣት ቻለ። ዓለማየሁ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ኖረ። የሚማረው ለምን እንደሆነ የሚወስኑት ሌሎች ነበሩ። መቼ እንደሚመለስ፣ ጭራሽ ይመለስ እንደሆነ፣ ሁነኛ መልስ የሰጠው የለም። አባቶቻችን ከሀገሩ የወጣን ሰው በአህያና በፈረስ ሲመስሉት አንድ ቃል ያስገባሉ፤ እስኪመለስ ነው የሚሉት። ጭነቱም ልጓሙም የሚቻለው መመለስ ስላለ ነው። ዓለማየሁ ጭነቱ እንጂ እስኪመለስ የሚለው ቃል አልነበረውም።

ይህን ነገር የእኛ የጎጃም ሰው ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል። ልጅን ከቤት አርቆ ማስተማር እዚህ የተጀመረ አይደለም እንዴ? ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ሁሉ በሩቅ ሀገር ልጆች የተሞሉ ነበሩ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ከሸዋም ከወሎም ከትግሬም ይመጣል። ኑሮው የሚያስቀና አልነበረም፤ ረሃብ ነበር፣ ቸነፈር ነበር፣ ውሻ ነበር። ስንቱ ልጅ በየጎጆው ቀርቷል። ግን ተማሪው ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ጎጆውን ከጓደኞቹ ጋር ይሠራል። የኔታ አሉ፤ ዓመት ሲለወጥ አይለወጡም። ስለ ማርያም ብሎ ሲለምን የምትሰጠው ባልቴት ከየት እንደመጣ ትጠይቀዋለች። ሲታመም ጓደኞቹ ለምነው ያበሉታል። ቤቱ ቢመለስም ተሜ ተብሎ ይከበራል፤ ድጓ ሳይዝ ተመለሰ ብሎ በር የሚዘጋበት እናት የለችም። ዓለማየሁ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላገኘም፤ ያገኘው ሳንድኸርስትን ነው።

እኛስ ዛሬ ምን እያደረግን ነው? እዚህ ከተማ ስሠራ ከሩቅ ሀገር ትምህርቱን አቋርጦ የተመለሰ ልጃቸውን በሌሊት፣ ጎረቤት ሳያይ፣ ይዘው የሚመጡ ወላጆች ያጋጥሙኛል። የሁሉም ታሪክ ይለያያል፤ የሚያመሳስላቸው ግን ልጁ ለወራት እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ተለይቶ፣ ክፍል መግባት አቁሞ፣ በስልክ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ለምን ዋሸ ይሉኛል። በሬ ተሸጦ፣ ዕቁብ ተጥሎ፣ ዘመድ አዋጥቶ የተላከ ልጅ ምን ብሎ ይናገር? እኛው ነን ሳይመረቅ እንዳይመጣ በሩን ቀድመን የዘጋነው። የዓለማየሁን መመለሻ የዘጉበት ባዕዳን ነበሩ። የልጆቻችንን ግን የምንዘጋው በፍቅርና በተስፋ ብዛት እኛው ነን።

ስለዚህ ለላካችሁም ለምትልኩም ጥቂት ነገር ልበል፤ ለሐኪም ቀባሪን ማርዳት ቢመስልም። ልጁ ከመሄዱ በፊት፣ ካቃተህ ተመለስ፣ ቤትህ ነው በሉት፤ ከሄደ በኋላ ሳይሆን ከመሄዱ በፊት። በስልክ ውጤቱን ብቻ አትጠይቁ፤ ምን በላህ፣ ከማን ጋር በላህ፣ ስንት ሰዓት ተኛህ በሉት። ከማንም ጋር አልበላሁም የሚለው መልስ ሲደጋገም ጆሯችሁን አቁሙ። እንቅልፍና ምግብ ሲዛባ፣ ሰው ሲሸሽ፣ ይከታተሉኛል ወይም ሊጎዱኝ ነው ሲል፣ መኖር አስጠላኝ ሲል፣ ፈተናው ይለፍ አይባልም፤ ያኔውኑ ባለበት ሀገር ሐኪም ማየት አለበት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ የምክር አገልግሎት አላቸው፤ ልጆቻችን ግን በሩን አያንኳኩም፤ እብድ እባላለሁ ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱን የተማሩት ከኛ ነው። ታሞ ከተመለሰም መጀመሪያ አብሉት፣ አስተኙት። ጸበል የሚወስደው ወላጅም መድኃኒቱን አያስቆም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። እኛ ሐኪሞች ይህን በትሕትና ብንነግራቸው የማይሰማ ወላጅ ብዙ የለም።

ለማኅበራችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። በዚህ መጽሔት መጨረሻ የአባላት ስምና አድራሻ ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት እትም፣ ውጭ የምትኖሩ ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ ከስማችሁ አጠገብ የከተማችሁ ስም ይጨመርና አንዲት ምልክት ትደረግበት። ትርጉሟም ይህ ይሁን፤ ወደዚህ ከተማ የሚመጣ የሀገር ልጅ በአማርኛ ሊደውልልኝ ይችላል፤ እሑድ እሑድም ቤቴ ምግብ አለ። ገንዘብ አንጠይቃችሁም። ሕክምናም አይደለም፤ ቀምሶ ማጉረስ ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ ለአዘጋጆቹ ስማችሁን ላኩ፤ እዚህ ያለነውም ልጆቹን ከመሄዳቸው በፊት ወደ እናንተ እንመራለን።

ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።